«እማዬ፣ ቁጭ በይ» ከማለታችን በፊት፦ የተዛባ የልብ ምትና የአረጋውያን እንቅስቃሴ

የእናቴ የልብ ምት መዛባቱ የታወቀው በ74 ዓመቷ ነው። ለደም ግፊት ክትትል ሄዳ መለኪያው ማሽን ሦስት ጊዜ አልቆጥር አለ። አንዲት ነርስ ማሽኑን ወደ ጎን አድርጋ፣ ሦስት ጣቶቿን በእናቴ የእጅ አንጓ ላይ አሳረፈችና የግድግዳውን ሰዓት እያየች አንድ ሙሉ ደቂቃ ዝም ብላ ቆጠረች። ከዚያም «እማማ፣ ልብዎ እንዲህ ሲዘል ይታወቅዎታል?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ «ከድካም በቀር ምንም የለብኝ» አለች። በዚያው ቀን የተነሣው ኢሲጂ፣ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በመስመር የሚያሳየው ምርመራ፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን የምት መዛባት አሳየ።

ከዚያ በኋላ እኛ ልጆቿ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ቡና መውቀጥ ከለከልናት። ጉልት ወርዳ ሽንኩርት መግዛት ቀረ። አሥር ደቂቃ የማያስኬደውን የቤተ ክርስቲያን መንገድ በመኪና እናደርሳት ጀመር። ከወንበሯ ብድግ ባለች ቁጥር «እማዬ፣ ቁጭ በይ፤ እኔ አመጣዋለሁ» የማይላት አልነበረም። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ለእናት መታዘዝ ያደግንበት ወግ ነው። በስምንተኛው ወር ግን ለቡና ከተቀመጠችበት ዱካ መነሣት አቃታት። ሁለት ሆነን ደግፈን አነሣናት። ያን ቀን ልቧ ከወትሮው የባሰ አልነበረም። የከዷት እግሮቿ ናቸው።

ኋላ ያየናት የልብ ሐኪም ታሪኩን ሰምታ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ታዲያ ማን ነው አስቀምጡ ያላችሁ?» የሚል ነበር። መልስ አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ጥያቄ ቀድሞ የጠየቀን ሰው ባለመኖሩ ነው።

የምቱ መዛባት ምንድን ነው?

በልብ ቀኝ የላይኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ምትን የሚያስነሣ ትንሽ የሴሎች ስብስብ አለ። ዕረፍት ላይ ባለ ጤናማ ሰው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ የኤሌክትሪክ ምልክት ይልካል። ምልክቱ በመጀመሪያ ሁለቱን የላይኛ ክፍሎች ያኮማትራል፣ መካከል ላይ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ጥቂት ይዘገያል፣ ከዚያ ሁለቱን የታችኛ ክፍሎች ያስመታል። የማኅሌት ከበሮ መቺ አንድ ሲሆንና መዘምራኑ ሁሉ እርሱን ተከትለው ሲያሸበሽቡ እንደማለት ነው።

በኤትሪያል ፊብሪሌሽን ጊዜ በላይኞቹ ክፍሎች ውስጥ ከበሮው በመቶ ቦታ ይመታል። በደቂቃ ከ350 እስከ 600 የሚደርስ ምልክት ይተረማመሳል፤ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል እንጂ በወጉ አይጨመቅም። መተላለፊያዋ እንደ ደህና ዘበኛ አብዛኛውን ምልክት ከበር ትመልሰዋለች። ያሳለፈችው ግን ወጥነት የለውም። አንዱ ምት ከሌላው ይቀራረባል፣ ሌላው ይዘገያል፣ ፍጥነቱም ያለ መድኃኒት በደቂቃ 110፣ 130፣ 150 ሊደርስ ይችላል። በዚህ ምክንያት ነው የደም ግፊት ማሽኑ ግራ የሚጋባው። ምቱ የተዛባ ሰው ግፊቱ አንድ ጊዜ ተለክቶ ማመን አይገባም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መያዝ ይሻላል።

ከዚህ ሁለት ጉዳት ይመጣል። አንደኛው ድካም ነው። የላይኞቹ ክፍሎች ሲጨመቁ የታችኞቹን ክፍሎች ሙሌት አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምሩ ነበር፤ ያ ይቀራል። ልብ ሲፋጠን ደግሞ ለመሙላት ጊዜ ያጥራታል። ደረጃ ሲወጡ የሚሰማው የትንፋሽ ማጠርና የጉልበት መክዳት አንዱ ምንጩ ይህ ነው።

ሁለተኛው ስትሮክ ነው። ከግራው የላይኛ ክፍል ጎን እንደ ትንሽ ኪስ ያለ ቦታ አለ፤ ክፍሉ በወጉ ካልተጨመቀ ደም እዚያ ይቆማል። አማርኛችን ነገሩን በአንድ ቃል ይዞታል፦ የረጋ ውሃ የማይንቀሳቀስ ውሃ ነው፣ የረጋ ደም ደግሞ የጓጎለ ደም ነው። የጓጎለው ቁራጭ ከኪሱ ወጥቶ ወደ አንጎል ከሄደ የደም ሥር ይዘጋል። በአሜሪካዋ ፍራሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎችን ለአሥርት ዓመታት የተከታተለው ጥናት በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውጤት ይህ የምት መዛባት የስትሮክን አደጋ አምስት እጥፍ ገደማ እንደሚያሳድግ አሳይቷል።

ችግሩ ከዕድሜ ጋር ይበረታል። በአውሮፓና በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች 80 ዓመት ካለፋቸው ሰዎች ከአሥሩ አንዱ ገደማ ይህ መዛባት አለበት። ብዙዎቹ እንደ እናቴ «ከድካም በቀር ምንም የለብኝ» ይላሉ፤ ድካሙንም እርጅና ነው ብለው ይተዉታል።

መቀመጥ ምን ይወስዳል፣ መራመድስ ምን ይመልሳል?

በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ጥቂት ጤናማ አረጋውያንን ለ10 ቀናት አልጋ ላይ አስተኝቶ ሰውነታቸውን ለካ። በ10 ቀን ውስጥ ብቻ ከእግራቸው ወደ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሥጋ ጠፋ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ጤነኞች ናቸው። እናቴን ለስምንት ወር አስቀምጠን ነበርና ይህን ቁጥር ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ።

የእግር ጡንቻ ሲቀንስ ጉዳቱ ወደ ልብ ይመለሳል። የሠለጠነ ጡንቻ ከደም ውስጥ ኦክስጅንን አጣርቶ መውሰድ ያውቅበታል፤ ስለዚህ ልብ ብዙ ሳትፋጠን ሥራው ይከናወናል። የደከመ ጡንቻ ግን ለትንሿ ሥራ ብዙ ደም ይጠይቃል፤ ልብ ትሮጣለች፣ ሰውየው ያለከልካል፣ ቤተሰቡም «አየህ፣ እንቅስቃሴ አይሆነውም» ብሎ መልሶ ያስቀምጠዋል። ተቀምጦ ደግሞ ይብሱን ይደክማል። ይህን አዙሪት የሚሰብረው መራመድ ነው።

እንቅስቃሴ የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል፣ ስኳርን ያስተካክላል፣ ክብደትን ይቀንሳል፣ እንቅልፍን ያሻሽላል። እነዚህ ሁሉ ሳይስተካከሉ ሲቀሩ የላይኛውን የልብ ክፍል የሚለጥጡና ምቱን የሚያናጉ ናቸው። ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ 5,446 አሜሪካውያንን ለ12 ዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2008 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚያደርጉት ምንም ከማያደርጉት ይልቅ በዚህ መዛባት የመያዝ ዕድላቸው በ28 በመቶ ያነሰ ነበር። በዚያ ዕድሜ ዋናው እንቅስቃሴ የእግር ጉዞ ነው፤ ለዚህ ጂምናዚየም መግባት አላስፈለጋቸውም።

ይህ ገና ላልታመሙት ነው። ለታመሙትስ? በአውስትራሊያ አደሌድ 120 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት የከፈለ ሙከራ ተደርጓል። ግማሾቹ የተለመደው ሕክምና ብቻ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ በተጨማሪ ለስድስት ወራት በባለሙያ የሚመራ እንቅስቃሴ አደረጉ፤ መጠኑ ቀስ በቀስ እያደገ በሳምንት እስከ 210 ደቂቃ እንዲደርስ ታቅዶ ነበር። በዓመቱ መዛባቱ ያልተመለሰባቸው ሲቆጠሩ እንቅስቃሴ ካደረጉት ከመቶ 40፣ ካላደረጉት ከመቶ 20 ሆኑ። በኖርዌይ ትሮንድሃይም በ51 ሰዎች ላይ የተደረገው ደግሞ ከበድ ያለ ነበር፦ አራት ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ፋታ፣ እንዲህ አራት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ከ12 ሳምንት በኋላ ልባቸው በመዛባት የሚያሳልፈው ጊዜ ከ8.1 በመቶ ወደ 4.8 በመቶ ወረደ፤ ሥልጠናውን ያልወሰዱት ግን ከ10.4 ወደ 14.6 በመቶ ጨመረባቸው። የኖርዌዩ ሥልጠና በሐኪም ክትትል የተደረገ ነውና ማንም አያቱን አሰልፎ እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ። የጠቀስኩት እንዲህ ያለው ልብ መሥራት እንደሚችልና ሲሠራም እንደሚሻለው ለማሳየት ነው።

እንቅስቃሴ መዛባቱን ሁልጊዜ ያጠፋዋል ማለት ግን አይደለም። ለዓመታት የቆየበት፣ የላይኛው ክፍል በጣም የሰፋበት አረጋዊ ምቱ ተዛብቶ ሊቀጥል ይችላል። ያ ሰው የሚያገኘው ሌላ ነው፦ ሳያርፉ ደረጃ መውጣት፣ ራስን ችሎ ገላን መታጠብ፣ ልቅሶ ቤት ደርሶ መመለስ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ኢሲጂው ላይ ያለው መስመር ቢስተካከልም ባይስተካከልም።

ብዙ ጊዜ «ታዲያ ሯጮቻችንስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በእርግጥ ለረጅም ዓመታት እጅግ ከባድ የጽናት ስፖርት የሠሩ ሰዎች ላይ የምት መዛባት በዛ ብሎ ታይቷል፤ በስዊድን 90 ኪሎ ሜትር የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ደጋግመው ያጠናቀቁት ላይ እንደታየው። የሰባ ዓመት ሰው ከቤቱ እስከ አደባባዩ መራመዱን ግን ከዚያ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

የእኛ አገር ልዩ ነገር

አሁን ወደ ኢትዮጵያ ልመለስ፣ ምክንያቱም እስካሁን የጠቀስኳቸው ጥናቶች የበለጸጉ አገሮች ሕሙማን ላይ የተሠሩ ናቸው። እዚያ የመዛባቱ ዋና መነሻ የደም ግፊት፣ ውፍረትና ዕድሜ ነው። በእኛ አገር እነዚህ አሉ፤ በተጨማሪ ግን ከልጅነት የቶንሲል ሕመም የሚጀምር የልብ በር ጉዳት አለ። በሚገባ ያልታከመ ቶንሲል በአንዳንድ ልጆች የመገጣጠሚያና የልብ ቁጣ ያስነሣል፤ ቁጣው ሲደጋገም በግራ በኩል ላይኛውንና ታችኛውን ክፍል የሚያገናኘው የልብ በር ጠባሳ ይዞ ይጠባል። ደም ከበሩ በላይ ስለሚከማች የላይኛው ክፍል ይሰፋል፤ የሰፋ ክፍል ደግሞ ምቱን ይስታል። ልጅ ሳለ የጀመረው ሳይታወቅ ቆይቶ በሃምሳና በስድሳ ዓመት የሚገለጥበት ሰው አለ።

ይህን የማነሣው እንቅስቃሴ ላይ ያለውን ምክር ስለሚለውጠው ነው። በሩ ለጠበበ ሰው የልብ መፍጠን ክፉ ነገር ነው። በጠባብ በር ብዙ ሰው ለማስወጣት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ምቱ ሲፈጥን ያ ጊዜ ያጥራል፣ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ ሰውየው በጥቂት እርምጃ ትንፋሹ ይቆረጣል። ስለዚህ በእኛ አገር የምት መዛባት የተገኘበት ማንኛውም ሰው የእግር ጉዞ ከመጀመሩ በፊት የልብ አልትራሳውንድ መነሣቱን ማረጋገጥ አለበት። በሩ በመጠኑ ወይም በጣም የጠበበ ከሆነ የእንቅስቃሴውን ልክ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ጎረቤትም፣ እኔም፣ ይህ ጽሑፍም አይደለንም።

በመድኃኒቱም ላይ ልዩነት አለ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጡት መድኃኒቶች፣ በተለምዶ ደም ማቅጠኛ የምንላቸው፣ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ የቆየው ዋርፋሪንና አዲሶቹ፣ እነ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን። አዲሶቹ የደም ምርመራ ቶሎ ቶሎ ስለማይጠይቁ ይወደዳሉ። ነገር ግን በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ እንዲህ ዓይነት የልብ በር ጉዳት ያለባቸውን ሕሙማን ያሳተፈ ሙከራ በ2022 እ.ኤ.አ. ሲታተም ዋርፋሪንና መሰሎቹን የወሰዱት ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ያነሰ ሞት ታይቶባቸዋል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ «አዲሱን መድኃኒት ልኬላታለሁ» የሚል ዘመድ ካለ፣ ፍቅሩን ተቀብሎ መድኃኒቱን ለሐኪም ሳያሳዩ አለመጀመር ነው።

መውደቅን መፍራት

እናትን ከወንበሯ የምናስቀራት በአብዛኛው ትወድቃለች ብለን ነው። ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ ፍርሃቱ እጥፍ ይሆናል፤ ወድቃ ጭንቅላቷ ቢመታስ? ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ችግሩ ከዚህ ፍርሃት ሁለት የተሳሳቱ ውሳኔዎች መወለዳቸው ነው።

አንደኛው መድኃኒቱን ማቆም ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ጉዳትና ጥቅሙን በሒሳብ ሲያነጻጽሩ፣ በዋርፋሪን ምክንያት የሚመጣው የጭንቅላት ውስጥ መድማት ከሚከለክለው ስትሮክ እንዲበልጥ አንድ አረጋዊ በዓመት 295 ጊዜ ገደማ መውደቅ እንዳለበት አገኙ። ስሌት ነው፣ እያንዳንዱን ሰው አይገልጽም፤ ከዚህ ቀደም የደማ ሰው ለብቻው መታየት አለበት። ግን «ትወድቃለች» ብሎ ብቻ መድኃኒት ማቋረጥ የት እንደሚያደርስ ያሳያል።

ሁለተኛው ማስቀመጥ ነው። ሰውን ከመውደቅ የሚያድነው የጭኑና የባቱ ጡንቻ፣ የቁርጭምጭሚቱ ሚዛን ነው። እነዚህ ደግሞ በመቀመጥ የሚጠፉ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ65 ዓመት በላይ ላሉት በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ሲመክር፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ የጨመረው ለዚህ ነው። ይህን መጠን ማሟላት ያልቻለ ሰው አቅሙ የፈቀደውን ያህል ያድርግ፤ ከዜሮ ወደ አሥር ደቂቃ መሄድ ትልቅ እርምጃ ነው።

ከየት ይጀመር?

ከምቱ ይጀመር። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ፣ ሦስት ጣት በአውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ ማሳረፍና አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለተዛባ ምት አይሠራም። በ2010 እ.ኤ.አ. ከኔዘርላንድስ በወጣ የ614 ሰዎች ሙከራ መሠረት ለብዙ ሕሙማን ዕረፍት ላይ ከ110 በታች መሆኑ በቂ ነው፤ ከ80 በታች ለማውረድ የተደረገው ጥብቅ ጥረት የተሻለ ውጤት አላመጣም። ዕረፍት ላይ ሳሉ ከ110 በላይ ከሆነ ግን ያን ቀን ጉዞ የለም፤ መድኃኒቱን ለማስተካከል ወደ ሐኪም ነው የሚኬደው።

በጉዞው ላይ ግን ቁጥር ማሳደድ አይጠቅምም። በስማርት ሰዓት ላይ የሚታየው ቁጥር በተዛባ ምት ጊዜ ብዙ ይሳሳታል፤ እነ ሜቶፕሮሎል፣ አቴኖሎልና ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ደግሞ ምቱ በመድኃኒት የተገራ ስለሆነ ከፍተኛውን የልብ ምት ለመገመት የሚሠራበት «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚለው ቀመር አይገልጸውም። የሚታመነው መለኪያ ወሬ ነው። እየተራመዱ አብሮ ከሚሄድ ሰው ጋር ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ማውራት ከተቻለ፣ መዝሙር ወይም መንዙማ ማንጎራጎር ግን ካቃተ፣ ልኩ እዚያ ነው። ማውራት ካቃተ ፈጥነዋል፤ መዘመር ከተቻለ ትንሽ መጨመር ይቻላል። ስለዚህ አረጋዊ ሰው ብቻውን ባይሄድ ይመረጣል፤ ወሬውም ለብቻው መድኃኒት ነው።

እናቴ የጀመረችው በአምስት ደቂቃ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሜዳ በሆነ መንገድ። በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ደቂቃ ጨመርን። የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ዝግ ያሉ መሆን አለባቸው፤ በተለይ ድንገት ቀጥ ብሎ መቆም ግፊትን ያወርድና ያዞራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ለበዓል የመጡ ወላጆች በሁለተኛው ቀን እንጦጦ ፓርክ መውጣት የለባቸውም፤ ቀጭኑ አየር ብቻውን ልብን ያፋጥናል። የተወሰኑ ቀናት ዝቅ ባለ ሜዳ ላይ ይንሸራሸሩ። በክረምት መንገዱ ሲያዳልጥ ሳሎን ውስጥ መመላለስ ይቻላል። የቤት ውስጥ ምንጣፍ ጠርዙ የተጠቀለለ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል እርጥብ፣ የኮሪደሩ አምፖል የተቃጠለ ከሆነ ግን ከእግረኛ መንገዱ ጉድጓድ ይልቅ እነዚህ ናቸው የሚጥሉት።

ውጭ አገር ያሉ ወላጆችን ሳስብ ልቤ ይነካል። በገጠርም በከተማም ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ሲመላለሱ የኖሩ እናቶች የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ሄደው በአምስተኛ ፎቅ አፓርታማ ይቀመጣሉ፤ ውጪው ይበርዳል፣ ቋንቋው አይገባም፣ ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው። ለእነርሱ የሕንፃው ኮሪደርና የገበያ ማዕከሉ ሰፊ አዳራሽ በቂ የመራመጃ ቦታ ነው። አንድ የአገር ሰው አብሯቸው ካለ ደግሞ ማንም ሳይነግራቸው ይሄዳሉ።

ለጉልበት የሚሆነው ቀላል ነው፦ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ። ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ከመሬት ማንሣት። ግድግዳው አጠገብ ቆሞ በአንድ እግር ጥቂት ሰከንድ መቆየት። በሁሉም ላይ ትንፋሽ አለመያዝ፤ ሲነሡ ማስወጣት። ወገኖቼ ስግደትንና ሶላትን ብዙ ጊዜ ከጤና ጋር አያይዘውም፤ ነገር ግን መቆም፣ ማጎንበስ፣ መንበርከክና መነሣት ለጭንና ለሚዛን ሥራ ነው። ግፊት የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በፍጥነት ሲነሣ ሊያዞረው ስለሚችል ዝግ ብሎ፣ የሚደገፍበት ነገር አጠገቡ አድርጎ ይሁን።

ልቡ ቀርፋፋ ሆና ፔስሜከር፣ ምትን የሚያስነሣ ትንሽ መሣሪያ፣ የተተከለለት ሰው ቁስሉ እስኪጠግግና ሽቦው እስኪጸና ለጥቂት ሳምንታት በዚያ ጎን ያለውን ክንድ ከትከሻ በላይ ባያነሣ ይመከራል። እግሩ ግን ወዲያው መራመድ ይችላል፤ ከዚያ በኋላም መሣሪያው የተተከለው ሰውየው እንዲንቀሳቀስ ነው።

ጾምና ጎመን

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙ በየጊዜው ይለካል፤ ደሙ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚረጋ የሚያሳየው፣ አይ ኤን አር የሚባለው ቁጥር በአብዛኛው በ2 እና በ3 መካከል እንዲሆን ይፈለጋል። የመድኃኒቱ ተቃራኒ ቫይታሚን ኬ ነው፤ ይህ ደግሞ በጎመንና በመሰል አረንጓዴ ቅጠሎች በብዛት አለ። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ሲገባ ማዕዱ ድንገት ወደ ጎመንና ጥራጥሬ ይዞራል፤ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ደም መርጋት ይቀለዋል። ሲፈታ ጎመኑ ቀርቶ ሥጋና መጠጥ ይተካል፤ ቁጥሩ ይወጣል፣ መድማት ይመጣል። ጎመን ክልክል አይደለም። የሚፈለገው ዓመቱን ሙሉ በተመሳሳይ መጠን መብላት፣ ያ ካልተቻለም ጾሙ በገባ በሳምንቱና በተፈታ በሳምንቱ ደምን ማስለካት ነው።

እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ፣ ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒት ወስደው፣ በፀሐይ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለስ ለእንዲህ ዓይነት ልብ አደገኛ ነው። የሰውነት ውሃና ጨው ሲናጋ ምቱም ይናጋል። ይህን ለንስሐ አባት ማማከር ተገቢ ነው፤ ሕመምተኛን አስጨንቃ የምታስጾም ቤተ ክርስቲያን የለችም። በረመዳንም ሕመምተኛ ፈቃድ አለው። የሚጾም ካለ የእግር ጉዞውን ከማፍጠሪያ ወይም ከምሳ አንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ያድርገው።

መቼ ይቆም?

በጉዞ ላይ የደረት መጨምደድ፣ ዓይን መጨለም ወይም ራስን መሳት፣ ተቀምጠውም የማይመለስ ትንፋሽ፣ አርፈውም የማይረጋ የልብ መፍጠን ከመጣ ያን ቀን ጉዞው አብቅቷል፤ ሕክምና ነው የሚፈለገው። እግር ካበጠና በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ክብደት በሁለት ኪሎ ከጨመረ ልብ ውሃ እየያዘች ነውና ሳይዘገይ መታየት ያስፈልጋል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱ ከተመታ፣ ደህና ነኝ ቢልም ሆስፒታል ይሂድ።

ፊት በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ ክንድ ከወደቀ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ስትሮክ ነው ብሎ መጠርጠር ግድ ነው። ጠበል ቀጥሎ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሆስፒታል። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፤ ሐኪሞቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት እርሱን ነው። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአሜሪካ 911፣ በእስራኤል 101 ነው።

እናቴ አሁን 76 ዓመቷ ነው። ምቷ አልተስተካከለም፤ ኢሲጂዋ ዛሬም ያው ነው። የልጅ ልጇ ያሰመረላት ደብተር አላት፦ የጠዋት ምት፣ የተራመደችበት ደቂቃ፣ መድኃኒት ተወስዷል አልተወሰደም። የመጨረሻዋን ዓምድ ራሷ ናት ያስጨመረችው። በ30 ሰከንድ ውስጥ እጇን አጣምራ ስንት ጊዜ ከወንበር እንደተነሣች ይጻፍበታል። ሐኪሟ በዚህ ዕድሜ ላለች ሴት ከ10 በታች ከሆነ የመውደቅ አደጋ አለ ብላት ነበር። ስንጀምር አራት ነበር። ባለፈው ቅዳሜ 11 ይላል፤ ያን ቀን ቡናውንም ራሷ ወቀጠች።